መርዙ የማን ነው? ቢራቢሮ፣ ተክልና የመቶ ዓመት ክርክር

እ.ኤ.አ. በ1969 «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» የተባለው መጽሔት አንዲት ወፍ ስታስታውክ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይዞ ወጣ። ወፏ ብሉ ጄይ ትባላለች፤ በምሥራቅ አሜሪካ ከጓሮ የማትጠፋ፣ ሰማያዊ ላባና ቁንጮ ያላት ወፍ ናት። ከዚያ በፊት የበላችው ሞናርክ የሚባለውን፣ ብርቱካናማ ክንፉ በጥቁር መስመር የተከፋፈለውን ትልቅ ቢራቢሮ ነበር። ፎቶው ከዚያ ወዲህ በብዙ መጻሕፍት ታትሟል። ተማሪ ያየውና ስቆ ገጹን ይገልጣል።

ይህችን ትውከት በትክክል ለማስረዳት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ቢራቢሮው «አይበላም» የሚለው ወሬ የቆየ ነው። ለምን አይበላም? መርዝ ካለው መርዙ የራሱ ነው ወይስ የተዋሰው? ይሄን በማስረጃ የመለሰ ሰው ሳይገኝ ስንት ትውልድ አለፈ። ታሪኩ እስቲ ከመነሻው ይነገር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሄንሪ ዋልተር ቤትስ የሌስተር ከተማ ሰው ነው። በልጅነቱ ካልሲና ሹራብ በሚሠራበት ቤት ተቀጥሮ ሥራ ተማረ፤ በትርፍ ጊዜው ጥንዚዛ ይሰበስብ ነበር። በ1848 ከጓደኛው ከአልፍሬድ ራስል ዋላስ ጋር ሆኖ ወደ አማዞን ተሻገረ። ሐሳባቸው ነፍሳትና ወፎች ሰብስበው ለእንግሊዝ ሰብሳቢዎች እየሸጡ በዚያው መኖር ነበር። ዋላስ በ1852 ተመለሰ፤ የተሳፈረበት መርከብ መንገድ ላይ ተቃጥሎ የሰበሰበው አብዛኛው ጠፋ። ቤትስ ግን 11 ዓመት ቆየ። ሲመለስ እንደ ራሱ ቆጠራ 14,712 የእንስሳት ዝርያዎች ሰብስቦ ነበር፤ ከእነዚህ ወደ 8,000 የሚሆኑት ለሳይንስ አዲስ ነበሩ።

ቤትስን ዕረፍት የነሳው አንድ ነገር ነው። በአማዞን ደን ጥላ ውስጥ ክንፋቸው ረዘም ያለ፣ ቀለማቸው የደመቀ፣ ቀስ ብለው የሚበሩ የቢራቢሮ ወገኖች አሉ። በቁጥር ብዙ ናቸው፣ መደበቅ አያውቁም፣ ለማምለጥም አይቸኩሉም። ወፍ ሲለቅማቸው ግን አላየም። በመካከላቸው ጥቂት ሌሎች ቢራቢሮዎች ይገኛሉ፤ በሥጋ ከጎመን ቢራቢሮ የሚዛመዱ፣ በመልክ ግን እነዚያን ቁርጥ የሚመስሉ። በ1861 ኅዳር ወር ለንደን በሚገኘው የሊኒያን ማኅበር ያነበበውና በማግሥቱ ዓመት የታተመው ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ ብዙዎቹ ለወፍ የማይጣፍጡ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ደግሞ የማይጣፍጡትን በመምሰል ይተርፋሉ። ለዚህ ማስረጃው ምን ነበር? አንደኛ፣ ሲጠቃቸው አለማየቱ። ሁለተኛ፣ ሽታ አላቸው። ሦስተኛው ደስ የሚል ነው፦ ገድሎ ለማድረቅ ያሰጣቸውን ነፍሳት ተባይ ሲበላበት፣ የእነዚህን ወገን ብዙም አይነካም ነበር። አስተዋይ ሰብሳቢ ብቻ የሚያየው ነገር ነው። ማስረጃ ነው ለማለት ግን ይከብዳል።

ዳርዊን ጽሑፉን በጣም ወደደው፤ በ1863 ስሙን ሳይጠቅስ በመጽሔት ላይ አወድሶ ጻፈለት። «የዝርያዎች አመጣጥ» ከታተመ ገና ሦስት አራት ዓመቱ ነበርና፣ የተፈጥሮ ምርጫን እንዲህ ዓይን ላይ የሚያሳይ ምሳሌ ያስፈልገው ነበር።

ነገሩ ወደ አፍሪካም ዘለቀ። ኬፕ ታውን ይሠራ የነበረው ሮላንድ ትራይመን በ1860ዎቹ መጨረሻ፣ የተለያዩ ዝርያዎች ተደርገው ይቆጠሩ የነበሩ ቢራቢሮዎች በእርግጥ የአንድ ዝርያ ሴቶች መሆናቸውን አሳየ። ወንዱ ቢጫ ነው፣ የኋላ ክንፉም ጭራ አለው። ሴቶቹ ግን እያንዳንዳቸው የየአካባቢውን «የማይበላ» ቢራቢሮ መልክ ለብሰዋል። ዛሬ ፓፒሊዮ ዳርዳነስ የምንለው ነው። እዚህ ላይ ኢትዮጵያ ትገባለች፦ በእኛ ደጋ የሚኖረው የዚህ ዝርያ ወገን፣ በሸዋ ይኖር በነበረው ጣሊያናዊ አሳሽ በአንቲኖሪ ስም የተሰየመው፣ አብዛኞቹ ሴቶቹ የወንዱን መልክ እንደያዙ ናቸው፤ ቢጫ፣ ባለ ጭራ። አስመሳዮቹ ሴቶች እንኳን ጭራቸውን አልጣሉም። ለተከታዩ ትውልድ ተመራማሪዎች ይሄ እንደ አሮጌ ሰነድ ነበር፤ መምሰል ከመጀመሩ በፊት ሴቷ ምን ትመስል እንደነበር ያሳያል ብለው አሰቡ።

በ1867 ዳርዊን ሌላ እንቆቅልሽ ገጠመው። ደማቅ ቀለም የትዳር ጓደኛ ለመሳብ ነው ብሎ ሲጽፍ፣ አንዳንድ አባጨጓሬዎች እንዲያ ያሸበረቁት ለምንድን ነው? አባጨጓሬ ገና ልጅ ነው፤ ትዳር የለውም። ቤትስን ጠየቀው፤ ቤትስ «ዋላስን ጠይቀው» አለው። ዋላስ ወዲያው መለሰ፦ የሚያስጠላ ጣዕም ያለው አባጨጓሬ ወፍ ነክሶ ቢተፋው እንኳ በአንዲት ንክሻ ይሞታልና፣ ሳይነከስ መታወቁ ይጠቅመዋል። ቀለሙ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚያም የነፍሳት ጥናት ማኅበር አባላትን «ወፍ ያላችሁ ሞክሩልኝ» ብሎ ለመነ። ጄነር ዊር የተባለው አባል በቤቱ በሚያረባቸው ወፎች ሞክሮ በ1869 ውጤቱን ተናገረ፦ ደብዛዛና ለስላሳ አባጨጓሬዎችን ወፎቹ ወዲያው በሉ፤ ደማቆቹንና ጸጉራሞቹን አልነኳቸውም። ግምት በሙከራ ሲፈተን ይሄ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

እስካሁን ስለ ተክል ማንም አልተናገረም፤ ልብ በሉ። በ1877 ስሌተር የሚባል እንግሊዛዊ ደማቅ አባጨጓሬዎች ብዙ ጊዜ የሚገኙት በመርዛማ ተክል ላይ ነው ሲል ጻፈ። በ1890ዎቹ ጀርመናዊው ኤሪክ ሃሴ አሪስቶሎኪያ የሚባለውን መርዛማ ሐረግ ለሚበሉት ባለ ጭራ ቢራቢሮዎች «መድኃኒት በል» የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ስም አወጣላቸው። የኦክስፎርዱ ፖልተንም በ1914 ሞናርክ መርዙን ከሚበላው ተክል ሳያገኘው አይቀርም አለ። ሁሉም ትክክል ነበሩ። ግን ሁሉም የሚያወሩት በግምት ነበር።

ለምን ተጓተተ? አንዱ ምክንያት የሙያ ግንብ ነው። ቢራቢሮ የሚያውቀው ሰው ኬሚስትሪ አያውቅም፤ ኬሚስቱ ደግሞ ከኩንታል ቅርፊት መርዝ ማውጣት የለመደ ነው እንጂ ከግራም በታች ከምትመዝን ቢራቢሮ ምን እንደሚያወጣ አይገባውም። ሌላው ምክንያት ተጠራጣሪዎቹ ናቸው፣ እነሱም ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። በአሜሪካ መንግሥት የዱር እንስሳት ጥናት መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ማክአቲ በ1932 የ80,000 ወፎችን የሆድ ዕቃ ምርመራ ይዞ ቀረበ። ወፎች የሚበሉት በአካባቢያቸው የበዛውን ነው፤ «መከላከያ» የምትሉት ነገር ይሄን ያህል አይሠራም፤ አለ። የማክአቲ ክርክር ቀዳዳ አለው፦ የማይበላ ዝርያ ጥቂት ወፎችን አስተምሮ ቢተርፍ፣ እነዚያ ጥቂት ንክሻዎችም ሆድ ውስጥ መገኘታቸው አይቀርም። ቢሆንም ጥያቄው ተገቢ ነበር። «አይጣፍጥም» ማለት ምን ማለት ነው? የቱ ኬሚካል? ስንት?

የልብ መርዝ

ሞናርክ አባጨጓሬ ሳለ የሚበላው ሚልክዊድ የሚባሉትን ተክሎች ነው፤ ቅጠላቸው ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያነባሉ። የእኛ አገር ሰው ዘመዳቸውን በደንብ ያውቀዋል፦ በአዋሽ ሸለቆና በየቆላው መንገድ ዳር የሚበቅለው፣ ሰፊ ግራጫ አረንጓዴ ቅጠል ያለው፣ ፍየል እንኳን የሚሸሸው ጦቢያው። ወተቱ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ እናቶች ልጆችን የሚቆጡበት ተክል ነው።

በዚህ ወተት ውስጥ ያሉት ካርዴኖላይዶች ልብን የሚነኩ መርዞች ናቸው። በሕክምና ታሪክ የታወቁት በሌላ መንገድ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ዊዘሪንግ በ1785 ፎክስግላቭ በሚባል አበባ ሰውነታቸው ውኃ የቋጠረባቸውን ሕሙማን እንዴት እንዳከመ ጽፎ አሳተመ፤ ዲጂታሊስ የሚባለው የልብ መድኃኒት የመጣው ከዚያ ነው። መጠኑ ሲያልፍ በሽተኛው ያስታውከዋል፤ ይሄንንም ጽፎታል። በእኛ ቀንድ ደግሞ አደን የሚያውቁ ሰዎች ከምረንዝ ዛፍ ቅርፊትና ሥር የቀስት መርዝ ይቀቅሉ ነበር። ሶማሊዎች መርዙን ዋባዮ ይሉታል። ፈረንሳያዊው ኬሚስት አርኖ በ1888 ንጥረ ነገሩን ለይቶ ሲያወጣ ስሙን ከሶማሊኛው ወሰደ፤ ዛሬ በዓለም ላቦራቶሪ ሁሉ ዋባይን የሚባለው እሱ ነው። የጦቢያውን መርዝ ደግሞ በ1930ዎቹ ጀርመናዊው ሄሰ የአፍሪካ ቀስት መርዞችን ሲያጠና ለይቶ አወጣው፤ ካሎትሮፒን የሚለው ስም ከተክሉ የሳይንስ ስም ከካሎትሮፒስ የመጣ ነው። ይህችን ስም ያዙልኝ፤ ከሰላሳ ዓመት በኋላ ቢራቢሮ ውስጥ እናገኛታለን።

ጎመን የበላው ሞናርክ

በ1950ዎቹ ጄን ቫን ዛንት ብራወር በፍሎሪዳ ጓዳ ውስጥ ያደረገቻቸውን ወፎች ይዛ የቤትስን ሐሳብ ከመጀመሪያ ጀምሮ ፈተነች። በ1958 የታተሙት ሦስት ጽሑፎቿ ንጹሕ ሥራ ናቸው። ሞናርክ ቀምሰው የጠሉ ወፎች፣ ሞናርክን የሚመስለውን ቫይስሮይ የተባለ ቢራቢሮ ሲያዩ ሳይነኩት ይተዉታል። ሞናርክ ቀምሰው የማያውቁት ቫይስሮይን ይበላሉ፤ ግን እንደ ተራ ቢራቢሮ ደስ ብሏቸው አይደለም። ይሄን ሁለተኛውን ነገር እሷ ጽፋዋለች። አንባቢ ግን ረስቶታል፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ባሏ ሊንከን ብራወር በማሳቹሴትስ አምኸርስት ኮሌጅ ያስተምር ነበር። ጥያቄው ግልጽ ነው፦ መርዙ ከተክል የመጣ ከሆነ፣ መርዝ የሌለው ተክል ላይ ያደገ ሞናርክ መበላት አለበት። ችግሩ ሞናርክ ሌላ ቅጠል አይበላም፤ ቢርበው ይሞታል እንጂ። ታዲያ ምን አደረጉ? ጥቅል ጎመን ሰጧቸው። አባጨጓሬዎቹ በብዛት አለቁ። ጎመን እየቀመሱ የተረፉትን ጥቂቶች አራቡ፣ ልጆቻቸውንም እንደገና ጎመን ላይ አሳደጉ፣ በመጨረሻ ጎመን የሚበላ የሞናርክ ዘር ተገኘ። ጎመን በልቶ ያደገውን ሞናርክ ለብሉ ጄይ ሰጡ፤ ወፏ በላችው፣ ምንም አልሆነችም፣ ሌላም ብትሰጧት የምትበላ ናት። ብርቱ መርዝ ያለው የሐሩር ሚልክዊድ ላይ ያደገውን ሲሰጧት ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አስታወከች። ከዚያ በኋላ ሞናርክ ሲያሳዩአት ፊቷን ታዞራለች።

ውጤቱ በ1967 ታተመ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ አንድ ሙከራ ምረጥ ብባል የጎመኑን እመርጣለሁ። ዝርያው አንድ፣ መልኩ አንድ፣ ክንፉ አንድ፤ የተለየው ምግቡ ብቻ ነው። ወፏም የተለየ መልስ ሰጠች።

ትውከቱ ራሱ ለተክሉም ለቢራቢሮውም ዕድል ነው። ካርዴኖላይድ አእምሮ ውስጥ ያለውን የማስታወክ ማዕከል የሚያነሣሣው ልብ ከሚያቆምበት መጠን በታች ነው። ወፏ ታማ ትድናለች እንጂ አትሞትም። የሞተ ወፍ ምንም አይማርም፤ በቦታው የሚመጣው ያልተማረ ነው።

ያልተማረችው ሴትና የኖቤል ተሸላሚው

የጎመኑ ሙከራ መርዙ ከተክል እንደሚመጣ አሳየ። በቢራቢሮው ሥጋ ውስጥ ያለው ራሱ የተክሉ ኬሚካል ነው? ይሄን ለማወቅ ሌላ ዓይነት ሰው ያስፈልጋል፤ እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ያን ሰው ፈልጋ የምትዞር አንዲት ሴት ነበረች።

ሚርያም ሮትሽልድ በ1908 ከታወቀው የባንክ ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ ቻርልስ ቀን ባንክ ይሠራል፣ ማታ ቁንጫ ያጠናል፤ ወረርሽኙን ከአይጥ ወደ ሰው የምታስተላልፈውን ቁንጫ ሱዳን ውስጥ ሸንዲ ላይ ሰብስቦ በ1903 ለሳይንስ የገለጻት እሱ ነው። ልጁን ግን ትምህርት ቤት አላስገባትም። ሚርያም ያለ ዲግሪ የዓለም የቁንጫ ሊቅ ሆነች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጠላት ምስጢራዊ መልእክት በሚፈታበት በብሌችሊ ፓርክ ሠራች፤ በ1985 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነች። ለቁንጫ ካላት ፍቅር ባልተናነሰ መርዛማ ነፍሳት ይማርኳት ነበር።

ባዝል፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ታዴዎስ ራይክሽታይን ነበር። በ1897 ፖላንድ የተወለደው ይሄ ኬሚስት ቫይታሚን ሲን በ1933 በላቦራቶሪ የሠራ፣ በ1950 ኩላሊት ላይ በተቀመጠችው ዕጢ ሆርሞኖች ጥናት ኖቤል የተካፈለ ሰው ነው። ከኖቤሉ በኋላ ብዙ ጊዜውን የሰጠው ለተክሎች የልብ መርዝ ነበር፤ ከአፍሪካ የሚመጣለትን ዘርና ቅርፊት ሁሉ ይፈትሽ ነበር። በዓለም ላይ ከማይክሮግራም ሥጋ ካርዴኖላይድ መለየት የሚችል ቡድን ካለ የእሱ ነው።

በ1965 የኦክስፎርዱ የመድኃኒት ተመራማሪ ጆን ፓርሰንስ ሞናርክ ውስጥ እንደ ዲጂታሊስ የሚሠራ መርዝ መኖሩን አሳየ። ግን የትኛው ኬሚካል? በ1967 የራይክሽታይንና የሚርያም ቡድን በመጀመሪያ አንበጣ ላይ አገኘው፤ በመካከለኛው ምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ጦቢያውን በልቶ የሚያድግ፣ ሲነኩት አረፋ የሚረጭ ወፍራም አንበጣ። በ1968 ደግሞ «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ስለ ሞናርክ ጻፉ፤ ካላክቲንና ካሎትሮፒን። ሄሰ ከአፍሪካ ጦቢያው ያወጣቸው እነዚያው። ኬሚካሉ ተክሉ ውስጥ አለ፣ አባጨጓሬው ይበላዋል፣ ሙሽሬ ሆኖ ሲለወጥ አይጥለውም፣ ጎልማሳው በክንፉና በአካሉ ይዞት ይበራል።

የተክሉን መርዝ ተክሉ የሠራው እንዳይበላ ነበር። ቢራቢሮው ግን ጋሻ አደረገው።

ታሪኩ ሲወሳሰብ

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ይል ነበር። ብዙ መጻሕፍት የሚያቆሙት እዚህ ነው። ግን ብራወርና ተማሪዎቹ በሜዳ የያዟቸውን ሞናርኮች ሲለኩ የተለያየ ነገር አገኙ። ሚልክዊድ ሁሉ አንድ አይደለም። ብርቱ መርዝ ያለው አለ፣ ከነጭራሹ የሌለው አለ። ስለዚህ ሞናርክ ሁሉ መርዛማ አይደለም። መርዝ የሌላቸው ሞናርኮች የሚተርፉት መርዛሞቹ ወንድሞቻቸው ወፏን ስላስተማሩላቸው ነው፤ አንድ ዝርያ ራሱን ይመስላል። በ1975 ደግሞ ብራወርና ባልደረቦቹ ከጋና የመጡትን የሞናርክ የቅርብ ዘመዶች መረመሩ፤ እኛም አገር በየጓሮው የምናየው ብርቱካናማው፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ቢራቢሮ ነው። ካርዴኖላይድ የሌለባቸው ብዙ ነበሩ። አፍሪካ ውስጥ ግን እሱን የሚመስሉ ስንት ዝርያዎች አሉ።

ቫይስሮይ ደግሞ የባሰ ነው። ለሠላሳ ዓመት «ራሱ የሚበላ፣ መርዛማውን የሚመስል» ተብሎ በየክፍሉ ተማረ። በ1991 ዴቪድ ሪትላንድና ብራወር የፍሎሪዳ ቫይስሮዮችን ክንፍ እየነቀሉ ሆዳቸውን ብቻ ለወፎች ሰጡ፤ ወፏ መልኩን አይታ እንዳትወስን። ቫይስሮይ እንደ ሞናርክ የማይጣፍጥ ሆኖ ተገኘ። ሁለት የማይበሉ ዝርያዎች አንድ መልክ ቢጋሩ ወፎችን የማስተማሩን ዋጋ እንደሚካፈሉ ፍሪትዝ ሙለር ብራዚል ሆኖ በ1870ዎቹ መጨረሻ አስልቶት ነበር፤ የቫይስሮይ ነገር እሱ ነው። ጄን ብራወር በ1958 ፍንጩን ጽፋው ነበር። የሚያሳዝነው ዛሬም ድረስ የድሮውን የሚያስተምር መጽሐፍ አለመጥፋቱ ነው።

ወፎቹም ቢሆኑ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሞናርኮች ክረምቱን የሚያሳልፉበት የሜክሲኮ ተራራ በ1975 ተገኝቶ በ1976 ለዓለም ሲታወቅ፣ ጥድ ላይ በሚሊዮን ተንጠልጥለው ሳለ ሁለት ዓይነት ወፎች እንደ ልባቸው ሲበሏቸው ታዩ። አንደኛው መርዝ የሚበዛበትን ቆዳ እየተወ ለስላሳውን ውስጡን ይመርጣል። ሁለተኛው መርዙ ብዙም አይሰማውም።

አሁን አንድ ጥያቄ ቀረ፦ ቢራቢሮውን ራሱን ለምን አይገድለውም? ካርዴኖላይድ የሚሠራው የእያንዳንዱ ሕዋስ ግድግዳ ላይ ያለችውን የሶዲየም ፓምፕ በመዝጋት ነው። ዴንማርካዊው ስኩ ፓምፗን በ1957 ከሸርጣን ነርቭ ውስጥ አግኝቶ ከአርባ ዓመት በኋላ ኖቤል ተሸለመባት፤ ፓምፗ እሷ መሆኗን ያረጋገጠውም በዋባይን ነው፤ በእኛው የቀስት መርዝ። በ1992 ጀርመኖቹ ሆልዚንገር፣ ፍሪክና ቪንክ የሞናርክን ፓምፕ ሲመረምሩ መርዙ በሚያርፍበት ቦታ፣ በ122ኛው መቀመጫ ላይ፣ አንድ አሚኖ አሲድ ተቀይሮ አገኙት። ቁልፉ ከቀዳዳው ጋር በደንብ አይገጥምም። በ2019 ደግሞ በርክሌይ ያለው የዋይትማን ቡድን ሞናርክ ውስጥ ያሉትን ሦስት ለውጦች በጂን ማረሚያ ወደ ተራ የፍራፍሬ ዝንብ አስገባቸው። ዝንቧ የሚልክዊድ ዱቄት የተቀላቀለበት ምግብ በልታ አደገች፤ አልፎ ተርፎ ጥቂት መርዝ በአካሏ ይዛ ወጣች። አንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ሲገባ ግን ዝንቧን ያሳምማታል፤ ስትናወጥ ትንቀጠቀጣለች። ስለዚህ ለውጦቹ የመጡበት ቅደም ተከተል ራሱ ወሳኝ ነበር።

ወደ ቤትስ ደን

ታሪኩ የተጀመረው በሞናርክ አልነበረም። ቤትስ አማዞን ውስጥ ያያቸው፣ ኢቶሚን የምንላቸው፣ ክንፋቸው መስታወት የሚመስሉትም ጭምር፣ መርዛቸው ከየት ነው? አባጨጓሬዎቻቸው የሚበሉት በአብዛኛው የድንችና የእምቧይ ወገን የሆኑ ተክሎችን ነው፤ እነዚህም የታወቁ መርዛሞች ናቸው። ሁሉም ሰው መርዙ ከዚያ ነው ብሎ ያስብ ነበር።

ብራዚል ውስጥ ካምፒናስ ይሠራ የነበረው ኪት ብራውን ዳኛ አድርጎ የመረጠው ወፍ ሳይሆን ሸረሪት ነው፤ ሰፊ ወርቃማ ድር የምትሠራዋን ትልቋን ኔፊላ። ደን ውስጥ የያዘውን ኢቶሚን ድሩ ላይ ይጥላል። ሸረሪቷ ትመጣለች፣ ትዳስሰዋለች፣ ከዚያ በዙሪያው ያለውን ክር አንድ በአንድ በጥርሷ ትቆርጥና ትለቀዋለች። ቢራቢሮው በሮ ይሄዳል። ከዚያ ያንኑ ዝርያ ከሙሽሬው አሁን የወጣ፣ ገና ምንም ያልቀመሰ፣ ድሩ ላይ ጣለ። ሸረሪቷ በላችው።

በ1984 «ኔቸር» ላይ የወጣው የኬሚካል ትንተናው እንዳሳየው ጋሻው ከአባጨጓሬው ቅጠል የመጣ አይደለም። ጎልማሶቹ፣ በተለይ ወንዶቹ፣ ደርቀው የሚጠወልጉ የተወሰኑ ተክሎችንና አንዳንድ አበቦችን እየፈለጉ ፒሮሊዚዲን የሚባሉ አልካሎይዶችን ይመጣሉ፤ ሲገናኙም ለሴቶቹ ያካፍላሉ። የእኛው አገር ብርቱካናማ ቢራቢሮ ወንዶችም ይሄን ያደርጋሉ፤ የደረቀ ሄልዮትሮፕ ወይም ክሮታላሪያ ያለበት ሜዳ ላይ ቆሞ ያየ ሰው፣ አበባ በሌለው እንጨት ላይ ተሰብስበው በምላሳቸው ሲቧጥጡ ያገኛቸዋል።

ቤትስ ያሰጣቸው፣ ተባይ ያልበላቸው ቢራቢሮዎች ደን ውስጥ በሕይወት የተያዙ ጎልማሶች ነበሩ። አልካሎይዳቸውን ቀድሞ ሞልተው ነበር። ከሙሽሬ አሁን የወጡትን ብቻ ለቅሞ አሰጥቶ ቢሆን ተባዩ ሳይበላበት አይቀርም ነበር።